የጨለመው ስክሪንና የኛማል እጅ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ የባሮ ወንዝ ሞልቶ ዳር ዳሩን በሚያጥለቀልቅበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቅዳሜ አልፏል። ላፕቶፔን በከፈትኩ ቁጥር ግን ያ ጠዋት ይመጣብኛል። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ደንግጫለሁ፣ አፍሬያለሁ፤ እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

ሰዓዳ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጋምቤላ ከተማ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከወሎ ለንግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እሱ በርበሬና ቅመም ይሸጣል። እኔ ከእሱ ሱቅ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲቪ አዘጋጃለሁ።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ድሮ ደንበኛው ሁሉ ይዞት በሚመጣው ፍላሽ ቫይረስ እየገባበት በየጊዜው ይበላሽብኝ ነበር። በመጨረሻ ወንድሜ ሊኑክስ ጫነልኝ። ሊኑክስ ማለት ማንም ሰው በነፃ የሚጭነው፣ ከየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ተባብረው የሚሠሩት የኮምፒውተር ሲስተም ነው። መጀመሪያ ላይ ወንድሜን ተቆጥቼው ነበር፤ የለመድኩት ነገር ሁሉ ቦታውን ቀየረብኝ። እየቆየሁ ስሄድ ግን ወደድኩት።

አንድ ችግር ብቻ ነበረ፤ እሱም የራሴ ጥፋት ነው። ኪቦርዱ ላይ ሻይ ካፈሰስኩበት ቀን ጀምሮ የስክሪኑን ብርሃን የሚጨምረው ቁልፍ አይሠራም። የሚቀንሰው ግን ይሠራል። ስለዚህ ብርሃን መጨመር ስፈልግ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት በማውዝ ከፍቼ እጨምራለሁ። አሠራዋለሁ፣ አሠራዋለሁ እያልኩ ቆየሁ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ጓደኛዬ ርብቃ በስፌት መኪናዋ የመዘምራን ልብስ ትሰፋለች። ርብቃ ኑዌር ናት። በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሳ ከእናቷ ጋር ድንበር ተሻግራ መጀመሪያ ፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ፣ ኋላም ከተማ ገባች። አማርኛዋን እዚሁ ገበያ ውስጥ ነው የለመደችው። አሁን እኔ ራሴ የማላውቀውን ቀልድ በአማርኛ ትነግረኛለች።

ሲሸሹ ታናሽ እህቷ ኛማል ጠፋች። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ወንዝ ዳር ሕዝቡ ሲተራመስ ከአክስቷ ጋር ሌላ ጀልባ ላይ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰች የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠየቁ። በመሀል ሁለት ጊዜ "ተገኘች" ተብሎ ደስታ ሆኖ ነበር። ሁለቱም ጊዜ በስልክ ሲያወሩ ቆይተው፣ ኋላ ሲጣራ ስሟ ብቻ የሚመሳሰል የሌላ ሰው ልጅ ሆነች። ከሁለተኛው በኋላ እናትየው "ከእንግዲህ ድምፅ አታምጡብኝ። በዓይኔ ካላየሁ አላምንም" አሉ። ስሟም ቤት ውስጥ መነሳቱ ቀረ።

በዚያ ክረምት ከርብቃ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ለጉዳይ ወደ ኡጋንዳ ሄዶ ነበር። እዚያ በአንድ ካምፕ ውስጥ ኛማል የምትባል ወጣት ስለ እናቷና ስለ እህቷ ስትጠይቅ አገኘ። የአባቷን ስም ነገረችው፤ የመንደራቸውንም ስም ነገረችው። ሰውዬው ይህን መልእክት ለርብቃ ላከላት።

ርብቃ በማግስቱ ሱቄ መጥታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

"ሰዓዳ፣ በቪዲዮ እንዲተያዩ እፈልጋለሁ" አለችኝ። "ያንቺ ላፕቶፕ ሰፊ ነው። እማዬ በስልክ ላይ ምንም አይታያትም።"

እውነቷን ነው። የእናቷን አንድ ዓይን የሞራ ግርዶሽ ሸፍኖታል፤ ሌላኛውም ደህና አይደለም። የእኔ ስልክ ደግሞ መስታወቱ ተሰንጥቆ ግማሹ አያሳይም፤ የሚጠቅመኝ ኢንተርኔቱን ለላፕቶፑ ለማካፈል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ተቀጠረ። ኛማል የራሷ ስልክ አልነበራትም። የምታናግረን በአንዲት ጎረቤቷ ስልክ ነው፤ ጎረቤቷም አምስት ሰዓት ላይ ወደ ሌላ ከተማ ጉዞ አለባት። መቼ እንደምትመለስ አይታወቅም።

እናትየው የእሁድ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ፊታቸው ላይ ደስታም ተስፋም አልነበረም፤ ልጃቸው ስለለመነቻቸው ብቻ ነው የመጡት። ሱቁ ውስጥ አንድ ደንበኛም ነበረ። ጫማው በቀይ አፈር የተለወሰ፣ ዲማ ወርቅ የሚቆፍር ደገኛ ነው፤ መታወቂያውንና አንዳንድ ወረቀቶቹን ኮፒ ሊያስደርግ መጥቷል።

"ወንድሜ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ይዘን ነው። ትንሽ ብትታገሠኝ" አልኩት።

"ችግር የለም እህቴ፤ መኪናዬ ከሰዓት ነው" ብሎ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

ጥሪው ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። በሦስተኛው ገባ። የአንዲት ወጣት ፊት ብዥ ብሎ ብቅ አለ። ርብቃ አፏን በእጇ ያዘች። ልክ በዚያች ቅጽበት መብራት ጠፋ።

ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ። ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ስክሪኑ ራሱን አደበዘዘ። ውጭ ፀሐዩ ቆርቆሮውን እያቃጠለ ስለነበረ ከበሩ በሚገባው ብርሃን የስክሪኑ ምስል ጨርሶ ጠፋ።

"ጨለመብኝ" አሉ እናትየው በኑዌርኛ። ይህቺን ቃል ርብቃ ሳትተረጉምልኝም ገባችኝ።

እኔ ደነገጥኩ። ማውዙን ትቼ እጄን ወደ ኪቦርዱ ሰደድኩ። አንዱ ቁልፍ እንደማይሠራ አውቃለሁ፣ ግን በዚያ ሰዓት ማን ያስባል። የፀሐይ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ደጋግሜ መታሁት። የመታሁት የሚቀንሰውን ነው። ስክሪኑ ድርግም ብሎ እንደ ከሰል ጠቆረ።

ድምፁ ግን አልጠፋም። ከዚያ ጥቁር ነገር ውስጥ አንዲት ልጅ "ማማ? ማማ?" ትላለች።

እናትየው ከወንበሩ ተነሱ። "አሁንም ድምፅ" አሉ። ርብቃ እጃቸውን ይዛ ስትለምናቸው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ዘንበል ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ርብቃ ተረጎመችልኝ፦

"ልጄ ከሆንሽ ግራ እጅሽን አሳዪኝ ነው የምትላት። ልጅ ሆና ዓሣ ስናጠምድ መንጠቆ ወግቷት ትንሿ ጣቷ ቆስላ ነበር። ከዳነችም በኋላ ተጣማ ነው የቀረችው፤ አትዘረጋም።"

ከላፕቶፑ ውስጥ ልጅቷ ፈጥና መለሰች። ርብቃ ያንንም ነገረችኝ፦ "አንስቼዋለሁ ትላለች። ይኸው፣ አይታያችሁም ወይ ትላለች።"

ለእኛ ምንም አይታየንም። ጥሪውን ቆርጠን በሌላ ስልክ እንሞክር ማለት ጀመርኩ፤ ርብቃ አላስጨረሰችኝም። "አትቁረጪው። ከተቆረጠ ላናገኛት እንችላለን" አለች። ሰዓቱ ለአምስት ሃያ ጉዳይ ነበር። ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ለማንም አልተናገርኩም።

ደፉ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ያን ጊዜ ነው የተነሳው።

"እህቴ፣ ልጠጋ? ኮምፒውተሩ እኮ አልጠፋም። ከስክሪኑ ጀርባ ያለው መብራት ነው የጠፋው። ምስሉ እዚያው አለ።"

የስልኩን ባትሪ አብርቶ በጎን በኩል ወደ ስክሪኑ አስጠጋው። አጎንብሼ ሳይ የሆነ ጥላ ነገር የታየኝ መሰለኝ፣ ግን ከውጭ የሚገባው ብርሃን አጠፋው።

"የምንሸፍንበት ልብስ አለ?" አለ።

ርብቃ ትከሻዋ ላይ ያሰረችውን ሰፊ ጨርቅ ፈትታ ሰጠችው። ላፕቶፑን ከራሱ ጭንቅላት ጋር ሸፈነው። የትኛው ቁልፍ እንደማይሠራ ማሳየት ስላለብኝ እኔም ጭንቅላቴን አስገባሁ። ከጨርቁ ሥር፣ በባትሪው ብርሃን፣ ስክሪኑ ላይ ደብዛዛ መስመሮች ታዩኝ። አንድ የተነሳ እጅም ታየኝ። ጣቶቹን ግን መለየት አይቻልም፤ ደካማ ዓይን ላላቸው ሴት ደግሞ ጭራሽ የሚሆን አይደለም።

"ምንድን ነው የጫንሽበት?" አለኝ ሰውዬው።

"ሊኑክስ ነው።"

"ሊኑክስ?" አለ፣ የአገሩን ሰው ድንገት ሰው አገር ያገኘ በሚመስል ድምፅ። "ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሁለት ዓመት ሙሉ በሱ ነው የሠራሁት። ትምህርቱን ሳልጨርስ ወጣሁ እንጂ።"

በዚህ መሀል ከኋላዬ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ጫጫታ ሰምቶ ከሱቁ መጥቷል። ያገባች ልጁ ከማያውቀው ወንድ ጋር አንድ ጨርቅ ውስጥ ተሸፍና ነው ያገኛት።

"ሰዓዳ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"አባ፣ ስክሪኑ ጨልሞብን ነው" አልኩ ከጨርቁ ሥር ሆኜ።

"ከጨለመ ለምን ትሸፍኑታላችሁ?"

"አባቴ፣ የሚታየው ጨለማ ውስጥ ስለሆነ ነው" አለ ሰውዬው በትሕትና።

ርብቃ በአጭሩ ነገረችው። አባቴ የጨርቁን ሁለት ጫፍ ይዞ እጆቹን ዘርግቶ እንደ ድንኳን ወጠረልን፤ ሱቁ በር ላይ ተሰብስበው የነበሩትንም ብርሃን እንዳያስገቡ "ራቅ በሉ" አላቸው።

ሰውዬው በሦስት ቁልፍ አንዲት ትንሽ መስኮት ከፈተ፤ ትእዛዝ የሚጻፍባት ናት። እየጻፈም ያስረዳኛል። "የስክሪኑ ብርሃን እዚህ ውስጥ በቁጥር የተጻፈባት ፋይል አለች። አሁን ቁጥሩ ዜሮ ነው። ዜሮውን አንስተን ትልቁን ቁጥር እንጽፍበታለን፤ ሌላ ምንም ነገር የለውም። ግን ያንቺን ፓስወርድ ይጠይቃል።"

ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ ምንም ፊደል አይወጣም።

"አይጻፍም" አልኩት።

"ሲጻፍም አይታይም። ሊኑክስ ፓስወርድ አያሳይም፤ ዝም ብለሽ ጻፊ።"

ጻፍኩ። ተሳሳትኩ። ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሞ ተሳሳትኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ብሳሳት ጭራሽ እንዳይዘጋብን ፈራሁ። ወረቀት ላይ ጽፌ በጨርቁ ሥር አቀበልኩት። ፓስወርዴ በእንግሊዝኛ ፊደል "ሰዓዳ ጎበዝ ናት" የሚል ነበር። ሰውዬው በባትሪው አንብቦ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

"ጥሩ ፓስወርድ ነው" አለ፣ ሳቁን ውጦ። "ስንት ላድርገው?"

"እስከ መጨረሻው አድርገው።"

ጽፎ ጨረሰና አንዱን ቁልፍ ተጫነ። ከጨርቁ ሥር ፊታችን ላይ ብርሃን ፈሰሰ፤ ዓይኔን አጭበረበረኝ። አባቴ ጨርቁን ገፈፈው። መጀመሪያ የታየው ሰውዬው የጻፈበት ጥቁር መስኮት ነው። እሱን ሲዘጋው ኛማል ከኋላው ነበረች።

እጇን አላወረደችም። ያን ሁሉ ጊዜ እንዳነሳችው ነበር። ስለደከማት በቀኝ እጇ የግራ ክርኗን ደግፋዋለች፤ ስልኩን የያዘችላት ጎረቤቷ ናት። የግራ እጇ ጣቶች ተዘርግተዋል፤ ትንሿ ጣት ብቻ ታጥፋለች።

እናትየው አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጉ። በደህናው ዓይናቸው ያችን ጣት አዩ። ጎንበስ ብለው ደግመው አዩ። ከዚያ የራሳቸውን ጣት አንስተው ስክሪኑ ላይ፣ በተጣመመችው ጣት ላይ አሳረፉት።

ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ርብቃ መተርጎም አቅቷት ነበር፤ ዘግይታ ነው የነገረችኝ።

"አሁን እጅሽን አውርጂ፤ ፊትሽን ልየው" ነው ያሉት።

ልጅቷ እጇን አወረደች። እናትና ልጅ ተያዩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ርብቃ እልል አለች። በር ላይ የነበሩት ሴቶች ተቀበሏት። እናትየው ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ፤ እየሳቁ መዝፈን ጀመሩ። ከላፕቶፑ ውስጥ ኛማል ያንኑ ዘፈን ተቀበለቻቸው፤ ቃላቱን አልረሳችውም ነበር። አባቴ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል። ሳየው "የበርበሬው ነው" አለኝ።

ጎረቤትየዋ ያየችውን አይታ መንገዷን ለሁለት ሰዓት አዘገየችላቸው። የላፕቶፔ ባትሪ እስኪያልቅ አወሩ። ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ፣ የሚያገናኛቸውን ሰው ስም ተነጋገሩ፣ ያልተጠየቀ ዘመድ አልቀረም።

ሲጨርሱ እናትየው ውሃ አስመጥተው በመዳፋቸው ያዙ። ሰውዬውን ጎንበስ አስደርገው ራሱ ላይ ረጩለትና መረቁት። ርብቃ "ቁፋሮህ ይቅናህ፣ የምትፈልገውን አግኝ ትልሃለች" ስትለው አንገቱን ደፋ። ስሙን የጠየቅሁት ያኔ ነው። ሲሳይ ይባላል።

"እኔ ምንም አላደረግሁም፤ አንድ መስመር ነው የጻፍኩት" አለ። "ትምህርቱን ሳቋርጥ ቤተሰቦቼ ሁለት ዓመት በከንቱ ጠፋ ብለው ነበር። ለእናቴ ዛሬ ደውዬ እነግራታለሁ።"

መብራቱ ስላልመጣ ወረቀቶቹን ኮፒ ሳያደርግ ወደ መናኸሪያ ሄደ። ያችን ትእዛዝ በእጅ ጽሑፉ ጽፎልኝ ነው የሄደው።

ማታ ከመለያየታችን በፊት ለርብቃ ተናዘዝኩላት። ስክሪኑን ያጨለምኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳተ ቁልፍ ስመታ ነበር አልኳት።

"አውቃለሁ፤ አይቼሻለሁ" አለችኝ። "ያንን ቁልፍ እንደዚያ ደጋግመሽ ስትመቺው ሳይ ልናገርሽ አልፈለግሁም። ከእኔ በላይ የጨነቀው ሰው መኖሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።"

ተቃቅፈን ቆምን።

ጥቅምት ሲገባ ኛማል በድንበሯ ከተማ በማታር በኩል መጣች። ጀልባው ሲደርስ ለመቀበል ርብቃና እናቷ ሁለት ቀን ቀድመው ሄደው ጠብቀዋታል። አሁን ከእህቷ ጎን ተቀምጣ ስፌት ትማራለች። አማርኛ ገና እየለመደች ነው። ጠዋት ጠዋት ሱቄ ገብታ "ሰዓዳ፣ እንደምን አደርሽ" ትለኛለች፤ ሌላ ቃል ሳትጨምር ስቃ ትወጣለች። እናትየውም ዓይናቸውን ለመታከም ቀጠሮ ይዘዋል። የሚወለደውን የልጅ ልጄን በደንብ ልየው ብለው ራሳቸው ናቸው የጠየቁት፤ ኛማል አርግዛ ነው የመጣችው፣ ባሏ ደግሞ ጉዳዩን ጨርሶ ሊከተላት ነው።

እኔ ሥራዬን ወረቀት ማባዛት ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። ያን ቅዳሜ አንድም ወረቀት አላባዛሁም። ሆኖም ጥሩ የሠራሁበት ቀን ንገሪን ብባል ያንን ነው የምናገረው።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በግርግሩ መሀል የሲሳይን ስልክ አልተቀበልኩትም። ይህን የምታነቡ ዲማ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምሮ ወርቅ ቁፋሮ የገባ፣ ቀጠን ያለ ሲሳይ የሚባል ሰው ካጋጠማችሁ አንድ መልእክት አድርሱልኝ። ልጅቷ እናቷ ቤት ገብታለች በሉት።